የዳሞት ንጉሥ ሁለተኛ ዓይን

በወላይታ ምድር የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል በሚነበብበት ቀን ከሌላው አገር ይልቅ ጆሮ የሚያቀና አንድ ስም አለ፤ ይኸውም የዳሞት ንጉሥ የሞተለሚ ስም ነው። በሌላው አገር ይህ ስም ጻድቁን ስላሳደደ ስለ አንድ ጣዖት አምላኪ ንጉሥ የሚነገር ታሪክ ነው፤ በወላይታ ግን ሞቶሎሚ ተብሎ በነገሥታቱ የትውልድ ቍጥር ውስጥ የሚጠራ፣ የወላይታ ማላ የሚባለው ሥርወ መንግሥት አባት ነው። ከሶዶ ከተማ በላይ የቆመው፣ ቁመቱ ወደ 3 ሺህ ሜትር የሚጠጋው ተራራም እስከ ዛሬ ዳሞታ ይባላል። እንግዲህ በሶዶ ቅኔ ማኅሌት ቆሞ ገድሉን የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው የሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን የአያቱን ነገር ነው። ነገር ግን ጆሮው የሰማውን ዓይኑ ሊያይ ወደ ግድግዳው ቀና ቢል ምን ያገኛል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ በየቤተ መዘክሩ የተቀመጡትን የቀድሞ ሥዕሎችና የኅትመት ሥዕሎች አስቀድሞ መመርመር ያሻል።

የገድሉ ነገር ለካህናት የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ለነገሩ መሠረት ስለ ሆነ በአጭሩ ማስታወስ ይገባል። ሞተለሚ በሸዋ ላይ በዘመተ ጊዜ ካህኑ ጸጋ ዘአብ ወደ ባሕር ገብቶ በመልአኩ ጥበቃ ተረፈ፤ ሚስቱ እግዚእ ኀረያ ግን ተማርካ ወደ ዳሞት ተወሰደች። ንጉሡ ውበቷን አይቶ ሊያገባት ባሰበ ጊዜ ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ተሸክሞ ወደ ባሏና ወደ ቤተ ክርስቲያንዋ መለሳት። ከዚያ በኋላ የተወለደው ልጅ አድጎ፣ ክህነት ተቀብሎ፣ እናቱ በምርኮ ወደ ሄደችበት ወደ ዳሞት በፈቃዱ ሄደ። ሞተለሚም ከገደል አስጣለው፤ መልአኩ ጠበቀው። የነገሩ ፍጻሜ ግን ገደሉ አይደለም። ንጉሡ አመነ፣ ተጠመቀ፣ ሕዝቡም ከእርሱ ጋር ተጠመቀ። በገድሉ ውስጥ ሞተለሚ ሁለት ሰው ነው፤ እናቱን የማረከው አንዱ ነው፣ ከልጇ እጅ ጥምቀት የተቀበለው ሌላው ነው።

የቀድሞው ዳሞት ሰፊ መንግሥት ስለ ነበረ ወሰኑ ከየት እስከ የት እንደ ሆነ የታሪክ ሊቃውንት ይከራከራሉ። የወላይታ ሕዝብ ግን የጻድቁን መምጣት የራሱ ታሪክ አድርጎ ይዞታል፤ በዚያው በወላይታ ያለው የደብረ መንክራት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ስሙ ራሱ የዚህ ምስክር ነው፤ መንክራት ማለት ድንቅ ሥራዎች ማለት ነውና።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንምጣ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው ብዙ መቶ ብራናዎች መካከል በሥዕል ያጌጠ ገድለ ተክለ ሃይማኖት ይገኛል። ዋሊስ በጅ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. ገድሉን ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ ከነሥዕሎቹ በለንደን አሳተመው። እንዲህ ሆኖ በሠዓሊ እጅ በብራና ላይ የተሣለው ታሪክ በማተሚያ ተባዝቶ ወደ ውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ገባ። የዳሞት ንጉሥ መልክ ለለንደን አንባቢ በቀረበበት ዘመን፣ በዳሞታ ተራራ ሥር ለተወለደ ልጅ አልቀረበለትም ነበር። ይህ ወቀሳ ሳይሆን የነገሩ አካሄድ ነው፤ ሆኖም ልብ ማለት ይገባል።

የብራና ሠዓሊ ከግድግዳ ሠዓሊ ይልቅ ዕድለኛ ነው። ገጽ በገጽ ስለሚሥል ታሪኩን ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ሊከተል ይችላል። የግድግዳ ሠዓሊ ግን ቦታ ይጠበዋል፤ ከብዙው አንዱን ሊመርጥ ግድ ነው። የመረጠውም አንድ ነገር ለምእመናን የታሪኩ ሁሉ ፍርድ ይሆናል። በመልአኩ ክንፍ ላይ የተቀመጠችውን እግዚእ ኀረያን ብቻ ቢሥል፣ ሞተለሚ ለዘለዓለም ማራኪ ሆኖ ይቀራል። ጻድቁ ከገደል ሲወረወር ብቻ ቢሥል፣ ሞተለሚ ለዘለዓለም ገዳይ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ላይ አንድ የታወቀ ሕግ ይጨመራል። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅና መልአክ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ከሓዲ፣ ሰይጣን፣ የሰማዕታት ገዳይና ጌታን የሰቀሉት ጭፍሮች ግን በጐናቸው፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ። ይህ ሕግ ሠዓሊው የሰውን ፊት ለመሥራት ስለ ተሳነው የመጣ አይደለም፤ ነገሩ ትምህርት ነው። ክፉ ሰው ግማሹን ብቻ ያያል፣ ግማሽ ፊቱንም ከእግዚአብሔር ይሰውራል፤ ጻድቅ ግን የሚሰውረው የለውም። ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደ ሆነ በዚህ ሕግ ይለያል። እንግዲህ አያቱን በአንድ ዓይን ተሥሎ የሚያይ የወላይታ ልጅ ምን ይማራል? ገድሉ ሳይነበብለት ሥዕሉን ብቻ ያየ እንደ ሆነ፣ ወገኑ ሁሉ ከጠላት ወገን የተቈጠረ ይመስለዋል።

ይህንም ነገር ከባድ የሚያደርገው ሌላ ትዝታ አለ። በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር በወላይታ ላይ በዘመተ ጊዜ ውጊያው ጽኑ ነበር፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ፣ ብዙ ከብትም ተነዳ፣ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦናም ቈስሎ ተማረከ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት ከሰሜን በመጡ ካህናትና ከሰሜን በመጣ ሥዕል ተሞሉ። ወንጌል በአንድ በኩል፣ ጦር በሌላው በኩል በመጡበት አገር፣ የተሸነፈ ንጉሥን በአንድ ዓይን መሣል በሌላው አገር የሌለውን ትርጕም ይይዛል። ዛሬም በሶዶ ከተማ ሥዕል የማይሰቅሉ፣ በሥዕልም የማይጸልዩ ብዙ ጎረቤቶች አሉ። በእነርሱ ፊት የሥዕልን ክብር በቃል መከራከር ብቻ አይበቃም፤ ሥዕሉ ራሱ እውነት ተናጋሪ ሊሆን ይገባዋል።

ይህ ከሆነ፣ የሥዕል ቀኖና ከአባቶች የተቀበልነው ስለ ሆነ አዲስ ነገር ሊጨመርበት አይቻልም የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር ነው። ተቋሙ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ የፖላንድ ተወላጅ የሆነው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ በብዙ ድካም ያሰባሰባቸው በእንጨት ገበታ ላይ የተሣሉ ሥዕላት በዚያ ይታያሉ። ሊቁ ስብስቡን ዘርዝሮ የጻፈበትም መጽሐፍ አለ። በእነዚህ ገበታዎች ፊት የቆመ ሰው አንዲት የእመቤታችን ሥዕል ደጋግማ ስትመጣ ያያል፤ እጆቿ በልጇ ላይ ተስተላልፈው፣ በእጇ መሐረብ ይዛ፣ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ወደ ታች ተዘርግተው፣ ልጇም መጽሐፍ ይዞ ሲባርክ።

ይህች ሥዕል የመጣችው ከሮሜ ነው። በሮሜ ታላቋ ማርያም በምትባለው ቤተ ክርስቲያን ካለው ጥንታዊ ሥዕል የተቀዱ ግልባጮችን ኢየሱሳውያን መምህራን ወደ ብዙ አገር አዳረሱ፤ ወደ ኢትዮጵያም ከእነርሱ ጋር ደረሱ። ዐፄ ፋሲል መምህራኑን ከአገር አስወጡ፤ ሥዕሊቱ ግን ቀረች። ነገሩ ለሚያስተውል ታላቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሰዎቹን ትምህርት ስትመልስ የእመቤታችንን መልክ አልመለሰችም፤ ነገር ግን እንደ መጣችም አልተወቻትም። የኢትዮጵያ ሠዓሊ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዞ በግራና በቀኝ አቆመላት፣ ልብሷን በአገሩ ቀለም አለበሰው፣ በሥሩም የግእዝ ጽሕፈት ጨመረ። አሠሪው ሰው ደግሞ በእግሯ ሥር ተደፍቶ ይሣላል፤ እቴጌ ምንትዋብ በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴ እንዲህ ሆነው ይታያሉ።

ሁለተኛው ምስክር የታተመ መጽሐፍ ነው። በሮሜ የሜዲቺ ማተሚያ ቤት በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1590 እና በ1591 ዓ.ም. ወንጌልን በዐረብኛ አሳተመ፤ በውስጡም አንቶንዮ ቴምፔስታ የሣላቸው፣ በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ከመቶ የሚበልጡ ሥዕሎች ነበሩበት። ይህ መጽሐፍ ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ በ17ኛው መቶ ዓመት የጐንደር ዘመን የወንጌል ሠዓሊዎች ምሳሌ ሆነ። ሁለቱን አቅርቦ ያነጻጸረ ሰው የሚያየው እንዲህ ነው። የሮሜው ሥዕል በጥቁር መስመር ብቻ የታተመ ነው፤ ጥላና ብርሃን፣ ሩቅና ቅርብ፣ ተራራና ሰማይ አለው። የጐንደሩ ሠዓሊ የሰዎቹን አቋቋምና የነገሩን ሥርዓት ከዚያ ወሰደ፤ ጥላውን ግን ወደ መስመር ለወጠው፣ ርቀቱን ትቶ ሁሉን ወደ ፊት አመጣው፣ ጥቁሩን በቀይና በቢጫ በሰማያዊም ሞላው፣ ዓይኖቹንም አሰፋቸው። ከተቀበለው መካከል ለትምህርቱ የማይጠቅመውን ጣለ፤ የሚጠቅመውን አገነነ።

የቅኔ ቤት ሰው ይህን ነገር ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም። ተማሪ ከመምህሩ የሚቀበለው የዜማውን ልክና የቤቱን ቍጥር ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት መሆኑን ይቀበላል። ልኩን ማፍረስ አይፈቀድለትም፤ ቃሉን ግን ከሌላ ሰው መውሰድ ነውር ነው። ትናንት በማኅሌት የተሰማውን ቅኔ ዛሬ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ ድምፁ ምንም ያማረ ቢሆን ይዋረዳል፤ ቅኔ ለየበዓሉና ለየደብሩ አዲስ መሆን አለበትና። የጐንደሩ ሠዓሊ የሮሜውን ኅትመት እንደ ልክ ተቀበለው፤ ቃሉን ግን ከራሱ አወጣ። የባዕዱ ሥዕል ሰም ሆነለት፤ ወርቁ የእርሱ ነው። ስለዚህ ቀኖናን መጠበቅ ማለት አንዱን ሥዕል ሳይለውጡ መድገም ነው የሚለው አሳብ በራሳቸው በአባቶች ሥራ የተፈታ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን የዛሬው የወረቀት ሥዕል ምን ይመስላል? በከተማውም በገጠሩም፣ በሶዶም እንደ ሌላው አገር ሁሉ፣ በማተሚያ የተባዛ የቅዱሳን ሥዕል በየቤቱ ተሰቅሏል፣ በየቤተ ክርስቲያኑም ይለጠፋል። በቅን መፍረድ ይገባል፤ ይህ ኅትመት ታላቅ ጥቅም አለው። ሠዓሊ ለማስመጣት ገንዘብ የሌለው የገጠር ደብር በጥቂት ብር የእመቤታችንን ሥዕል ያገኛል፤ ድኻዋ እናት ለልጆችዋ የምታሳየው ታገኛለች። ማተሚያንም መንቀፍ አይቻልም፤ ከላይ እንደ ታየው የጐንደርን ሥዕል ያበለጸገው ራሱ ኅትመት ነበርና።

ጕድለቱ ሌላ ነው። በገበያ የሚሸጠው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል የታወቀ ነው፤ ባለ ስድስት ክንፍ ሆኖ፣ አንዱ እግሩ ተቈርጦ በሌላው እግሩ ቆሞ ሲጸልይ። ሥዕሉ መልካም ነው፤ የጸሎቱን ጽናት ያስተምራል። ይሁን እንጂ ለደብረ ሊባኖስም፣ ለጐንደርም፣ ለሶዶም አንድ ነው። ማተሚያው የሚያትመው ለሁሉ የሚሸጠውን ነው እንጂ ለአንዱ ደብር የሚሆነውን አይደለም። በዚህ ሥዕል ውስጥ ጻድቁ በዋሻው ብቻውን ነው፤ ዳሞት የለም፣ ገደሉ የለም፣ ሞተለሚም የለም። የቀድሞው የግድግዳ ሠዓሊ ስሕተት ንጉሡን በአንድ ዓይን አስቀርቶ መተው ሊሆን ይችላል፤ የዛሬው ኅትመት ስሕተት ግን ከነጭራሹ መርሳቱ ነው። ሰው በጠላትነት ቢታወስ ክርክር ይነሣል፣ በክርክርም እውነት ይወጣል፤ ከተረሳ ግን ክርክርም የለም። ኅትመት የሮሜውን ሥዕል ለጐንደር ሠዓሊ የትምህርት መነሻ ሆኖ ሳለ፣ ለዛሬው ደብር የሥራ መቆሚያ የሆነው ከወረቀቱ ክፋት ሳይሆን ከተቀባዩ ስንፍና ነው።

ኅትመት ሁሉ ደግሞ የፋብሪካ ብቻ አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ካርል ሃይንስ ሃንዘን የተባለው ጀርመናዊ የእንጨት ቅርጽ ባለሙያ በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1963 እስከ 1966 ዓ.ም. አስተምሯል። ይህ ሥራ እንጨቱን በስለት ፈልፍሎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በወረቀት ላይ ማተም ነው፤ ከዚያ ትምህርት የወጡትም እንደ ዘሪሁን የትምጌታ ያሉት ሠዓሊዎች የብራናውንና የክታቡን መልክ ወደ እንጨት ቅርጽ አመጡት። ይህን ሥራ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሊንቀው አይገባም። ስለት የሚይዝ እጅ በቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም፤ የእንጨት መስቀልና መቋሚያ የሚቀርጸው፣ የታቦቱን ማደሪያ የሚጠርበው እጅ ነው። ዋንዛ በወላይታም ይበቅላል። አንድ ጊዜ የተቀረጸ እንጨት ብዙ ቅጂ ስለሚያወጣ፣ ድኻው ደብር ከፋብሪካው ወረቀት ባልበለጠ ዋጋ የራሱን ታሪክ የያዘ ሥዕል ሊያገኝ ይችላል።

ታዲያ የሶዶ ሠዓሊ ሞተለሚን እንዴት ይሥለው? አንዳንዶች የሕዝቡን ልብ ለማስደሰት ሲሉ ንጉሡን ከመጀመሪያው ጀምሮ በሁለት ዓይን፣ በግርማና በደግነት ይሣል ይሉ ይሆናል። ይህ አይሆንም። እግዚእ ኀረያ በእውነት ተማርካለች፤ ልጇም በእውነት ከገደል ተጥሏል። ኀጢአቱን የሸሸገ ሥዕል ንስሓውንም ከንቱ ያደርገዋል፤ ዕዳ ከሌለ ምሕረት ምን ይሆናል? ደግሞም ሳውል ተብሎ ያሳደደውን ጳውሎስ ብሎ የሚያከብር ቤተ ክርስቲያን በሞተለሚ ታሪክ የሚያፍርበት ነገር የለውም።

መልሱ ያለው በራሱ በአባቶች ሕግ ውስጥ ነው። አንድ ዓይንና ሁለት ዓይን ጠላትን ከወዳጅ ለመለየት ብቻ የተሰጠ ምልክት ከሆነ፣ ያው ምልክት ጠላት ወዳጅ የሆነበትን ሰዓትም ሊናገር ይችላል። ሠዓሊው ታሪኩን በሦስት ክፍል ይክፈለው። በመጀመሪያው ክፍል፣ እግዚእ ኀረያ በምርኮ ስትወሰድ፣ ንጉሡ በፈረሱ ላይ ሆኖ በጐኑ፣ በአንድ ዓይኑ ይታይ። በሁለተኛው ክፍል፣ ጻድቁ ከገደል ተጥሎ በመልአኩ እጅ ሲጠበቅ፣ ንጉሡ በገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ አንገቱን ሊመልስ የጀመረ ይሁን፤ ሁለተኛው ዓይኑ እንደ ንጋት ጨረቃ ጠርዙ ብቻ ይታይ። በሦስተኛው ክፍል፣ በጥምቀቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ፊቱን ሙሉ ወደ ምእመናን መልሶ፣ በሁለት ዓይኑ ይመልከት። አንዲት ቃል ሳትጻፍ ንስሓ ማለት ምን እንደ ሆነ ይህ ሥዕል ያስተምራል፤ ንስሓ ማለት መመለስ ነውና።

ልብሱንም በሚመለከት ምሳሌ አለ። የጐንደር ሠዓሊዎች ሄሮድስንና ፈርዖንን በዘመናቸው መኳንንት ልብስ ሣሏቸው እንጂ የሮሜውን ልብስ ብቻ አልገለበጡም። እንግዲህ የዳሞት ንጉሥ በወላይታና በጋሞ ሸማኔ የሚሠራውን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ያለበትን ዱንጉዛ ቢለብስ ሥርዓት አይፈርስም። ከጥምቀቱ ሲወጣ ጻድቁ ነጭ ሸማ ያለብሰው፤ ዱንጉዛው ግን ከሥሩ ይታይ። ጥምቀት ኀጢአትን ያጥባል እንጂ የትውልድን ልብስ አይገፍፍምና። ከበስተኋላውም የዳሞታ ተራራ ይቁም፤ ለሶዶ ሕፃን ከደጃፉ የሚያየውን ተራራ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ማየት ታሪኩ የእርሱ መሆኑን ከማንኛውም ስብከት ይልቅ ይነግረዋል።

ይህን ለመፈጸም ብዙ ሀብት አያስፈልግም። አንድ ደብር፣ አንድ ሠዓሊ፣ ገድሉን ከሥሩ የሚያነብለት አንድ መምህር፣ የአገሩንም የአፍ ታሪክ የሚያጫውቱት ሽማግሌዎች ይበቃሉ። ሠዓሊው አስቀድሞ ወደ ስድስት ኪሎ ሄዶ የቀድሞዎቹን ገበታዎች ይመልከት፤ ቀለሙንና መስመሩን ከእነርሱ ይማር፤ ከዚያም ተመልሶ የራሱን ይሥራ። ቤተ መዘክር የተሠራው ለዚህ ነው። በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠ ሥዕል ተደንቆበት ብቻ የሚታለፍ ከሆነ የሙታን ቤት ይሆናል፤ ተማሪ የሚማርበት ከሆነ ግን ጉባኤ ቤት ነው።

ነሐሴ 24 ቀን የጻድቁ ዕረፍት በሚከበርበት ዕለት በደብረ መንክራት ገድሉ ይነበባል፤ የሞተለሚም ስም ይሰማል። በዚያ ቀን በእናቱ ጀርባ ያለ አንድ የወላይታ ሕፃን ወደ ግድግዳው ቢመለከት፣ ከውኃው ውስጥ በሁለት ዓይኑ የሚያየው አያቱ ሊቀበለው ይገባል። የቀድሞው ሠዓሊ የንጉሡን አንድ ዓይን በሚገባ ሥሏል፤ ሁለተኛውን መሣል የዚህ ትውልድ ዕዳ ነው።